ዓመቱን ሙሉ የጓሮ ጉብኝትና የአትክልት ትምህርት፦ በየወቅቱ የት እንሂድ፣ ምን እንሥራ?

የለገጣፎ ጓሮ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በለገጣፎና በሰንዳፋ መሀል 18 ጎረቤታሞች ተሰባስበን ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ለአትክልት ለማዋል ተስማምተናል። ሐሳቡ ጠዋት አንድ ቦታ ሄዶ ማየት፣ ከዚያ ወደ አንዳችን ጓሮ ተመልሶ ያዩትን በእጅ መሞከር ነው።

የአብዛኞቻችን ጓሮ ከ30 እስከ 60 ካሬ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ በቀረው ቀን ከሮቶ እንጠቀማለን። ፍላጎታችን የተደባለቀ ነው፦ ጎመን፣ ካሮትና ድንች የሚፈልግ አለ፣ ጽጌረዳና የጥላ ዛፍ የሚፈልግ አለ፣ ጥቂቶች ደግሞ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ጌሾ ነው የሚሉት።

ጥያቄዬ፦ ወሮቹን እንዴት እንደልድል? የትኛው ቦታ በየትኛው ወር ቢታይ ይጠቅማል? በክረምት ማቋረጥ አለብን ወይስ የለብንም? ስለ ውርጭም የምታውቁትን ንገሩን፤ በእኛ በኩል ከጥቅምት በኋላ ያገኘውን ለስላሳ ተክል ሁሉ ያጠቁረዋል።

---

ጥድና ወይራ

ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት ሥራውን ምረጡ። ሰው አይቶ የወደደውን ነገር በዚያው ሳምንት በጓሮው ካልሞከረው በሚቀጥለው ወር ረስቶት ይመጣል። ስለዚህ የየወሩ ጉብኝት፣ ያ ወር የሚጠይቀው ሥራ ጎልቶ ወደሚታይበት ቦታ ይሁን።

መስከረም ላይ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውጡ። አደይ አበባው ራሱ ያስኬዳል፣ ትምህርቱ ግን ከአገር በቀል ዛፎቹ ነው። ማዕከሉ 705 ሔክታር ስለሆነ በአንድ ጠዋት ሁሉንም አዳርሳለሁ ማለት ሰውን ማድከም ነው። አምስት ዛፍ ይበቃል፦ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ብሳና። በእያንዳንዱ ሥር ቆማችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ያረጀው ዛፍ ቅርንጫፉ ስንት እርምጃ ድረስ ይዘረጋል፣ ከሥሩ ሌላ ተክል ይበቅላል ወይ፣ ቅጠሉን ያረግፋል ወይ። ይህን ያየ ሰው በ50 ካሬ ጓሮ ዝግባ አይተክልም። ዝግባ ከ30 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ችግኙ በጣም ስለሚያምር ግን ብዙ ሰው ከግድግዳ ሁለት ሜትር ላይ ይተክለዋል። ለትንሽ ጓሮ አጥር ጌሾ ይሻላል፣ ሲገረዝ ይጠቀጥቃል፣ ቅጠሉም ለቤት ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ችግኝ የሚፈላበት መደብ ሥሩ። ስፋቱ 1 ሜትር ይሁን፣ ከሁለቱም ጎን እጅ መሀሉ ድረስ እንዲደርስ። ቁመቱ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቀጭን መስመር አውጡና የጥቅል ጎመንና የሰላጣ ዘር ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሩ፣ በደረቅ ሳር ሸፍኑ። ሳሩ የሚነሳው የመጀመሪያው ቡቃያ በታየ ዕለት ነው፣ ያውም ወደ ማታ። ሁለት ቀን ከዘገያችሁ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ከዚያ በኋላ አይጠነክርም። ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮና ቀጥኖ መውደቅ ከጀመረ ደግሞ ዘሩ ተጠቅጥቆ ተዘርቷል ወይም ውሃ በዝቷል ማለት ነው። አሳሱት፣ ውሃውን ወደ ጠዋት ብቻ መልሱት። ካሮት ማዛወርን አይወድም፣ ሥሩ ይጣመማል፤ እሱን በቀጥታ በመደቡ ዝሩ።

ጥር ወይም የካቲት ላይ ችግኝ ጣቢያ ጎብኙ፤ ለሐምሌ ተከላ የሚደርሰው ችግኝ የሚፈላው በበጋ ነው። እዚያ የሚማሩት ትልቁ ነገር ችግኝ እንዴት እንደሚገዛ ነው። ከረጢቱን ከመሬት አንሱት፤ በቀላሉ ካልተነሳ ሥሩ ከታች ወጥቶ መሬት ይዟል፣ ሲነቀል ዋናው ሥር ተበጥሶ ይቀራል። ረጅሙን አትምረጡ። ግንዱ ወፈር ያለውን፣ ቁመቱ ከከረጢቱ ርዝመት ከሁለት እጥፍ ያልበለጠውን ምረጡ።

ግንቦት ጉድጓድ መቆፈሪያ ነው፣ ለጥላ ዛፍ 50 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር። የላይኛው አፈር በአንድ ጎን፣ የታችኛው በሌላ ጎን ይከመር። ሐምሌ ላይ ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቀዳችሁ ትተክላላችሁ። ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ አንድ ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ በሁለተኛው በጋ ይደርቃል፤ ሰው ግን ውሃ አጥቶ የሞተ ይመስለዋል።

ነሐሴን ግን አርፉበት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዋልካ ደግሞ ተረግጦ ይበላሻል።

---

ዋልካ አፈር

ጥድና ወይራ ያሉት በአብዛኛው ልክ ነው፣ በነሐሴ ላይ ግን አልስማማም። አፈራችሁ ጥቁር ከሆነ ከዓመቱ ሁሉ የሚጠቅመው ጉብኝት የነሐሴው ነው። ውሃ የት እንደሚቆም፣ ከጎረቤት በየት በኩል እንደሚገባ፣ የትኛው መደብ እንደሰመጠ የሚታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በታኅሣሥ ሁሉም ጓሮ ደህና ይመስላል። ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ከ2:30 እስከ 5:00 የራሳችሁን ሦስት ጓሮዎች በቦት ጫማ ዙሩ። መደቡን ማንም እንዳይረግጥ፣ በመሄጃው ብቻ። ውሃ የቆመበትን ቦታ በካስማ ምልክት አድርጉ፤ ካስማው እስከ ግንቦት ይቆይ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ጉድጓድ ላይም ጥንቃቄ አለ። በዋልካ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ በለስላሳ አፈርና ፍግ መሙላት፣ ማሰሮ ሠርቶ ውሃ እንደ መሙላት ነው። ዙሪያው አያሳልፍም፣ ሥሩ በሐምሌና በነሐሴ ታፍኖ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ለኩ፦ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ በውሃ ሙሉ፣ እስኪሰርግ ጠብቁ፣ እንደገና ሙሉና በአንድ ሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ በእንጨት ለኩ። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ መቆፈር ይቻላል። ከ1 በታች ከሆነ አትቆፍሩ፤ መሬቱን በዶማ ቧጥጡና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታና 1 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሠርታችሁ እላዩ ላይ ትከሉ። ይህን ሙከራ አፈሩ በረጠበበት ወቅት አድርጉት። በበጋ ከሆነ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል፣ ልኬቱም ያታልላችኋል።

ለአትክልት መደቡ 1 ሜትር ከ20 ስፋት፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ በመሀል 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ ይኑረው። ቦዮቹ ሁሉ ወደ አንድ ዝቅ ያለ ቦይ ይፍሰሱ፤ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው።

አሸዋ ጨምሩበት የሚላችሁን አትስሙ። ጥቂት አሸዋ ከዋልካ ጋር ሲገናኝ እንደ ጡብ ይደርቃል፤ ለውጥ እንዲያመጣ ከተፈለገ የሚገባው መጠን ለጓሮ የማይቻል ነው። ዋልካን የሚያላላው ብስባሽ ነው፦ በየዓመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በመደቡ ላይ ማንጠፍና ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ጋር መቀላቀል። ጊዜውንም አፈሩ ይነግራችኋል። እፍኝ አፈር ጨብጡ፤ በአውራ ጣት ሲገፋ እያብለጨለጨ እንደ ጥብጣብ ከወጣ ገና ነው፣ ተፈረካክሶ ከወደቀ ቆፍሩ። ይህ ጊዜ በዋልካ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው።

ብስባሹን ጥቅምት ላይ ከምሩ፣ አረሙም ሳሩም ገና አረንጓዴ እያለ። ሁለት እጅ ደረቅ (ጭድ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ደረቅ ቅጠል)፣ አንድ እጅ እርጥብ (አረም፣ የወጥ ቤት ልጣጭ)፣ በየመሀሉ ስስ ፍግ። ክምሩ ቢያንስ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ይሁን፣ ከዚያ ካነሰ አይሞቅም። መሀሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ በየሳምንቱ ንቀሉና ዳስሱ። ሞቅና ረጠብ ካለ ደህና ነው። ቀዝቅዞ ከደረቀ ውሃ ይፈልጋል። ቀዝቅዞ ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፣ ደረቅ ጨምራችሁ ገልብጡት። በየሦስት ሳምንቱ ከገለበጣችሁት ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙበት፣ ዘይቱ መበስበሱን ያዘገየዋል።

---

ችግኝ አፍይ

እኔ ስለ ቁራጭ (ሥር እንዲያወጣ ተቆርጦ ስለሚተከል ቅርንጫፍ) ልጨምር፣ በትምህርት ቀን ሰው ሁሉ ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄደው እሱ ስለሆነ።

ብዙ ቦታ ሁሉንም ቁራጭ ሐምሌ ላይ ያስተምራሉ። ለጽጌረዳ ልክ ነው፣ ለጤና አዳምና ለጥብስ ቅጠል ግን ስህተት ነው። እነዚህ ተከታታይ ዝናብ ካገኛቸው ከሥር ጠቁረው ይበሰብሳሉ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ከጥላ ሥር አድርጓቸው።

ጽጌረዳ፦ አበባ ጨርሶ የረገፈበትን የዘንድሮ ቅርንጫፍ ምረጡ፣ ውፍረቱ እንደ እርሳስ ይሁን። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቢያንስ አራት ዓይን ያለው አድርጋችሁ ቁረጡ። የታችኛው ቆረጣ ከዓይን ሥር ቀጥ ብሎ፣ የላይኛው ከዓይን በላይ ሰያፍ ይሁን፤ ያን ጊዜ ላይና ታቹ አይምታታም፣ ውሃም አይቆምበትም። ገልብጦ መትከል የተለመደ ስህተት ነው። ሁለት ዓይን ከአፈር በታች፣ ሁለት ከላይ። የታችኛው ቅጠል ይርገፍ፣ ከላይ አንድ ቅጠል ግማሹ ተቆርጦ ይቅር።

አፈሩ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የደረሰ ብስባሽ፣ 1 እጅ የወንዝ አሸዋ። (አሸዋ እዚህ ይገባል፤ ከላይ የተከለከለው ለዋልካ መደብ ነው።) ያልበሰለ ፍግ ካስገባችሁ ቁራጩ ይቃጠላል። ታቹ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ድፉበትና ክዳኑን ክፈቱት፣ እርጥበት ይይዛል፣ አየርም ያገኛል። ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ግን ውስጡ ይቀቀላል። በሁለት ሳምንት ቅጠል ሲያወጣ ይዟል ብላችሁ አታዛውሩት፤ ቅጠሉ ግንዱ ውስጥ ባለ ስንቅ ነው የወጣው። ሥሩ እስኪጠነክር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቁ። አንድ ሰው አምስት ቁራጭ ይውሰድ፣ ሦስቱ ከያዙለት በቂ ነው።

ወይራን ከዘር ማፍላት የሚፈልግ ካለ፦ ሥጋውን አጥባችሁ አውጡ፣ ጠንካራውን ቅርፊት የውስጡን ፍሬ ሳትነኩ ቀስ አድርጋችሁ ሰንጥቁ። ሳይሰነጠቅ የተዘራ የወይራ ዘር ለብዙ ወር ዝም ሊል ይችላል።

መቀስና ቢላ ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገር ይጠረግ። 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ በባልዲ አዘጋጁ፣ በየዕለቱ አዲስ ይበጥበጥ። እንሰት ያለበት ጓሮ ከጎበኛችሁ ደግሞ የራሳችሁን ቢላ ጨርሶ አታውጡ፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ዋና መሄጃው ያልጸዳ ቢላ ነው።

---

ሱሉልታ ሜዳ

ስለ ውርጭ።

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያለ ጓሮ ከፍ ካለው ተዳፋት ይልቅ ይመታል። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት በ12:30 ተነሥታችሁ ሁለት ጓሮ አወዳድሩ፣ አንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ዳገት ላይ። ነጩ አመዳይ እስከየት እንደደረሰ በዓይን ይታያል፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ግን አይገኝም። በታችኛው በኩል ጥቅጥቅ ያለ የብሎኬት አጥር ካላችሁ ቀዝቃዛውን አየር ገድቦ ያስቀረዋል፤ ከሥሩ ማሳለፊያ ተዉለት።

ጥቅል ጎመን፣ ሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቦሎቄ፣ ገና ልጅ የሆነ አቮካዶ አይችሉም። ለእነዚህ ከሰዓት በኋላ አፈሩን አጠጡ፣ እርጥብ አፈር ቀን ያገኘውን ሙቀት ከደረቅ ይበልጥ ይይዛል። ከ11 ሰዓት በፊት፣ ሙቀቱ ሳያመልጥ፣ በጆንያ ወይም በጭድ ሸፍኑ። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ደግፉት፣ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ጠዋት 3 ሰዓት ግድም ግለጡት። ተክሉ ከተመታ የጠቆረውን ወዲያው አትቁረጡ፤ የሞተው ቅጠል ከሥሩ ላለው ልብስ ነው፣ የውርጩ ጊዜ ሲያልፍ ትገርዙታላችሁ።

በዚያው ሰሞን ወደ ቢሾፍቱ ውረዱ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናት፣ እናንተ ከዚያ ወደ 600 ሜትር ትበልጣላችሁ፣ ልዩነቱ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ይሆናል። እዚያ አቮካዶና ቲማቲም ተንዠርግጎ አይቶ ችግኝ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ቁጥር ለሁሉም ንገሩ። ከዚያ የሚቀዳው ተክሉ ሳይሆን የውሃ አጠቃቀሙና ጉዝጓዙ ነው። ውሃችሁ በፈረቃ ስለሆነ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሳር ጉዝጓዝ፣ ከግንዱ አራት ጣት ራቅ ብሎ፣ በበጋ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

---

የለገጣፎ ጓሮ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ከጠበቅነው በላይ ነው። ነሐሴን አንዘልም፣ ካስማውም ተስማምቶናል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ድንች ለሚተክሉት የትኛው ወር ምን ይታይ? ሌላው ስለ አስጎብኚዎች ነው። ጓሯቸውን ሊያሳዩን ፈቃደኛ የሆኑ አንዲት እናት አሉ፣ 40 ዓመት ያለሙት ነው፤ 18 ሰው ይዘን ገብተን እንዳናስቀይማቸው ፈርተናል።

---

ጥድና ወይራ

ስለ ነሐሴ ዋልካ አፈር ያሉት አሳምኖኛል፤ መደቡ እስካልተረገጠ ድረስ።

ድንች፦ ግንቦት ላይ ወደ ሆለታ አቅጣጫ ሂዱና የዘር ድንች አቀማመጥ እዩ። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በድንች ላይ ብዙ የሠራ ነው፣ ጉደኔና በለጠ የሚባሉትን ዝርያዎች ከዚያ አካባቢ ታውቋቸዋላችሁ። በቡድን ለመግባት አስቀድሞ በደብዳቤ መጠየቅ ይገባል። ማየት ያለባችሁ ዘሩ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት፣ ብርሃን ግን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ስስ ሆኖ መቀመጡን ነው። በጨለማ የተቀመጠ ድንች ነጭና ረጅም ጎንቆል ያወጣል፣ ሲተከል ይሰበራል። በብርሃን የተቀመጠው አጭር፣ ወፍራምና ባለ ቀለም ያወጣል፣ ያ ነው የሚያዝ። ሰኔ ላይ በመስመር መሀል 75፣ በተክል መሀል 30 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ትከሉ። ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አፈር አልብሱት፤ ሳይለብስ የቀረ ድንች ፀሐይ አግኝቶ ይመርራል፣ አረንጓዴው አይበላም። ከሐምሌ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ከጠርዙ የሚጀምር ውሃ የቋጠረ የሚመስል ጥቁር ነጥብና በቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ካለ ሌት ብላይት ነው፤ በዝናብ ሰሞን በሳምንት ውስጥ ጓሮውን ይጨርሳል። የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ፣ ብስባሽ ላይ አትጣሉ።

ስለ እናትየው። 18 ሰው በአንድ ጊዜ አይግባ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆናችሁ በተራ ግቡ፤ ሌሎቹ ከደጅ ችግኝ ያዛውሩ። ቀኑን ከእሳቸው ጋር ወስኑ። ቅዳሜው በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል ወይም በ21 ማርያም ላይ ከዋለ ብዙ እናቶች አፈር አይነኩም፣ ለጉብኝት ይመቻል ለሥራ ግን አይመችም። ቁራጭ ሳይጠየቅ አይወሰድ፤ ከፈቀዱም የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፣ የት ቢቆረጥ ተክሉ እንደማይጎዳ የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ። ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለት ጎበዝ ሰው ለግማሽ ቀን ኩትኳቶ ስጧቸው።

ከመግባታችሁ በፊት ጫማ ይታጠብ። በር ላይ አንድ ባልዲ ውሃና ጠንካራ ብሩሽ ይበቃል፣ ጭቃው ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የነጭ ሽንኩርት ነጭ አበስባሽ ሻጋታ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ በሆነች ጥቁር እንክብል አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያል፣ በጫማ ጭቃም ይዛመታል። አንድ ጊዜ ከገባባቸው እዚያ መደብ ላይ ነጭ ሽንኩርት የመትከል ነገር ያበቃል። ወደ እሳቸው ከመሄዳችሁ በፊት በዚያው ቀን ሌላ የሽንኩርት ማሳ አትግቡ፤ የእሳቸው ጓሮ የቀኑ የመጀመሪያ ይሁን።